አሥራ ሁለት በር

ጋሽ አዛናው ቁልፉን እጄ ላይ ጥለው፣
«ዳባት ለቅሶ አለብኝ፣ ሰኞ መጣሁ» ብለው
ሄዱ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣
ፒያሳ ጭር ብሏል፤ ማሽኑ ብቻ ያስባል።

ከፈትሁት። ገጽ አይደለም፣ የቅዳሜ ገበያ፤
ምልክት በምልክት ላይ፣ ትከሻ መጋፊያ።
«አዲስ ሰነድ»፣ «አዲስ ሰነድ ሁለት»፣ «የመጨረሻ»፣
«እውነተኛው የመጨረሻ»፣ ደግሞ ሌላ መጨረሻ፤
የአንዱ ሲቪ፣ የአንዱ ውል፣ የእድር ደብዳቤ፣
እያየሁት ብቻ ደከመኝ፣ ዛለ ልቤ።
አምስት ያህሉ ጌም ነው፤ ሦስቱ አይከፈትም፤
መቶ አርባ ሦስት ቆጥሬ ግማሹን አልጨረስሁትም።

ከየምልክቱ ግርጌ ትንሽ ቀስት አለች፣
«እኔ መንገድ እንጂ ቤት አይደለሁም» ያለች።
አቋራጭ ነዋ ስሙ። አቋራጭ ምንድን ነው?
በሰው ጓሮ ሾልኬ ቤቴ የምደርስበት ነው፤
ብተወው ሣር ይውጠዋል፣ አጥር ይታጠራል፣
ቤቴ ግን እዚያው ነው፣ መብራቱ ይበራል።
ይህን ለጣቴ ነገርሁት፣ ለዚያ ፈሪ ጣቴ፣
«ሰርዝ» ባልሁት ቁጥር የሚፈርስ ለሚመስለው ቤቴ።

አንድ። ሁለት። ከዚያ እፍኝ እፍኙን።
አንዳንዱን ስነካው «የለሁም» ይለኛል፣
ቀስቱ ወደ ጠፋ ፍላሽ ያመለክተኛል፤
ባለፍላሹ መተማ ይሁን ሁመራ ማን ያውቃል፣
መንገዱ ግን እዚህ ቆሞ ይጠብቃል።

የቀረውንስ በምን ስም ልሰብስበው?
ከመስኮቱ ማዶ የግቢው ግንብ ረጥቦ
አሥራ ሁለት በሩን ይዞ ቆሟል ተሰብስቦ።
ለካ ነገሥታቱም ገብቷቸዋል ያኔ፤
«ሁሉም በአንድ በር ተጋፍቶ አይምጣ ወደ እኔ።»
ዝርዝሩን ከፈትሁ፣ ስሙን ለወጥሁና
የክስ ማመልከቻ ሁሉ በወምበር በር ገባና
የአርባው፣ የሙት ዓመቱ ጥሪ በተዝካሮ በር፣
የጋሽ አዛናው ዘፈን በእምቢልታ በር።
ቴሌግራምን እርግብ በር አልሁት፣ ብቻዬን ሳቅሁ፤
ለጌሙ በር ባጣ በአደናግር በኩል ላክሁ።
ሰባቱ በር ባዶ ቀረ። ይቅር።

ምልክቱ ሲሳሳ ከሥሩ ሰማያዊ ወጣ፤
ሰማይ መሰለኝ። ቀጥሎ የነጠላ ጥለት መጣ፣
ከዚያ ክርን፣ ከዚያ አንገት፣ የአንገት ንቅሳት፤
ሴት ናት። ይህ ቤት ሲከፈት፣ በምርቃቱ ዕለት፣
መቀስ ይዛ፣ ሪባኑን ልትቆርጥ የሳቀች፣
ስንት ዓመት ከዶሴ ሥር ኖራ ያልታወቀች።
ታፔላው ላይ «አትጠገብ ጽሕፈትና ኮፒ» ይላል፤
እኔ የሱቅ ማሞገሻ መስሎኝ ነበር።

ሰኞ ጋሽ አዛናው ጋቢያቸውን እንደ ደረቡ
«ተዘረፍን!» አሉ፣ ወንበር እንኳ ሳይስቡ።
«የውሉ ፎርም የታል? ከላይ ሦስተኛው፣ ከግራ!
ስሙን አላውቅም፤ ያለበትን ነው የምጠራ።»
ጀመርሁ ላስረዳቸው፣ ስለ በሩ፣ ስለ ቀስቱ፤
መልስ የለም። መነጽራቸው ላይ ሰማያዊ መብራቱ።
የኮፒው ማሽን ሞቆ፣ ጠብቆ፣ በረደ።
«ይኼ ቅርጫት» አሉ በኋላ፣ ድምፃቸው ወረደ፣
«የቆሻሻው፣ ከትከሻዋ ላይ ይነሣልኝ።»
አነሣሁት። ከጥግ ጣልሁት። «ደግ» አሉኝ።

የውሉን ፎርም ግን መለስሁት፣ ሦስተኛ፣ ከግራ፣
ብቻውን፣ ሰማዩ ላይ፣ እንደ አንዲት አሞራ።

ዓርብ ዕለት አንድ ተማሪ ከማራኪ እየሮጠ መጣ፤
«ለጊዜው እዚሁ ይቀመጥ» አለ፣ አስቀምጦ ወጣ።
ከቀሚሷ ጥለት ላይ አንዲት ምልክት ተለጥፋለች።
ጋሽ አዛናው እሷን አዩ፣ ቀጥለው እኔን።
«እስከ ነገ ነው» አልሁ።
ጠጋ ብዬ ስሟን አነበብሁ፤
«የመጨረሻ» ትላለች።